ግሪዱን ማገዝ የነፋስ ተርባይንን ያስረጀዋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው የኤሌክትሪክ ሙያ ሰልጣኝ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? አሰልጣኛችን የነፋስ ተርባይኖች አሁን አሁን ኃይል ማመንጨት ብቻ ሳይሆን ግሪዱ (የአገሪቱ የተሳሰረ የመብራት መስመር) ሲናጋም እንዲያግዙት ይጠበቅባቸዋል አሉን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የአጎቴ ወፍጮ ሞተር በመብራት መዋዠቅ ሁለቴ ተቃጥሏል። ነገ ጮቄ ላይ ተርባይን ቢተከልና ይህንኑ ግሪድ አግዝ ቢባል ቶሎ አያረጅም? የሚጎዳውስ የትኛው ክፍሉ ነው? እባክዎ ሳያሳጥሩ ያስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ አታሳጥር ስላልከኝ አላሳጥርም። ዋናውን ግን ላስቀድም። እገዛው ተርባይኑን ይነካዋል። የሚነካው ክፍል እንደ እገዛው ዓይነት ይለያያል። አንዱ ዘንጉንና ካምቢዮውን ያገኛል፣ ሌላው የክንፉን ኩሽኔታ፣ ሌላው ኮንቨርተሩን (ኃይሉን ለግሪዱ በሚስማማ መልክ የሚቀይረውን ኤሌክትሮኒክስ) ብቻ። ከሁሉም በላይ ማሽኑን የሚያንገላታው ግን እገዛው አይደለም። ግሪዱ ድንገት ጥሎት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ግሪዱ እንዳይወድቅ ማገዝ ለተርባይኑም ራስን ማዳን ነው። ይህን ካልኩ በኋላ «እንዴት?» ማለትህ አይቀርምና ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መጀመሪያ የአጎትህን ወፍጮ ለብቻ እናስቀምጠው። ሞተሩን የጨረሰው የቮልቴጅ መውረድ ሳይሆን አይቀርም። ወፍጮ ቤቱ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ካለና መስመሩ ቀጭን ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሞተሩ እህሉን መፍጨት ስላለበት የጎደለውን በከረንት ያካክሳል። ከረንት ሲበዛ ሽቦው ይግላል፣ የሽቦው ሽፋን ይነድዳል፣ አለቀ። ይህ የሰፈር ችግር ነው። ሁለት ሰፈር አልፎ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል።

ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ፣ ግን የሰፈር አይደለም። አንተ ክፍል ያለው ሶኬት፣ በለስ ያለው ጄኔሬተር፣ አዳማ ያለው ተርባይን፣ ሁሉም በአንድ 50 ሄርዝ ይሄዳሉ። በአንድ ግሪድ እስከተሳሰሩ ድረስ አንዱ ጋ 49.7 ሲሆን ሌላውም ጋ 49.7 ነው። ግሪዱን ማገዝ ሲባል ሁለቱም ጉዳዮች አሉበት። የፍሪኩዌንሲው እገዛ ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ የቮልቴጁ በአብዛኛው ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር።

ከፍሪኩዌንሲው ልጀምር። ነገሩ የበሰለው እዚያ ነው።

ፍሪኩዌንሲ የሚወርደው ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ ነው። ጣና በለስ ላይ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 4 ማሽኖች አሉ። አንዱ ድንገት ከመስመር ቢወጣ 115 ሜጋ ዋት በአንዴ ይጎድላል። የሕዳሴው ግድብ ማሽኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ሜጋ ዋት ይጠጋሉ። አንዱ ብቻ ሲወጣ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች ተደምረው ከሚሰጡት 204 ሜጋ ዋት ይበልጣል። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይህን ጉድለት ማን ይሸፍነዋል? ማንም ሳያዘው የሚሽከረከረው ብረት ነው። የውሃ ማመንጫ ጄኔሬተር ከግሪዱ ጋር በቀጥታ የታሰረ ስለሆነ፣ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ እሱም አብሮ ይዘገያል። ሲዘገይ በመሽከርከሩ የያዘውን ጉልበት ለግሪዱ ይለቃል። ኢነርሺያ የምንለው ይህንን ነው።

ከዚያ የውሃው በር ይከፈትና ተጨማሪ ኃይል ይመጣል። ግን ወዲያው አይደለም። እንዲያውም በሩ ሲከፈት ኃይሉ ለቅጽበት ይቀንሳል። ለምን? በረጅም ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ከባድ ነው፤ ለመፍጠን ጊዜ ይፈልጋል። በሩ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚሆነው ግፊቱ መውረዱ ነው፤ ፍሰቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህ የየትኛውም ውሃ ማመንጫ ጠባይ ነው፤ ውሃው የሚጓዝበት መንገድ ሲረዝም ደግሞ ይብሳል። በለስ ከጣና የሚወስደው ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይጓዛል። ውሃው በዚያ ሁሉ መንገድ እንዳይንገላታ ብለው መሐንዲሶቹ የግፊት ማስተንፈሻ ጉድጓድ ሠርተውለታል፤ ቢሆንም ፈጥኖ እንዲነሳ አታስገድደውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ክፍተት አለ። የነፋስ ተርባይን ሊሞላ የሚችለው ይህችን ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ የተርባይኑን አፈጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ዘመናዊ ተርባይን እንደ ውሃው ጄኔሬተር ከግሪዱ ጋር ተጠምዶ አይሽከረከርም። መሃል ላይ ኮንቨርተር አለ። አዳማ አንድ ላይ የቆሙት 34 የጎልድዊንድ ማሽኖች ለምሳሌ ካምቢዮ የላቸውም፤ ክንፎቹ የሚያዞሩት ጄኔሬተር በኮንቨርተር በኩል ነው ኃይሉን የሚሰጠው። ግሪዱ 50 ይሁን 49 ክንፎቹ አያውቁም። ነፋሱ ባዘዛቸው ፍጥነት ይሄዳሉ። ግሪዱን እንዲያግዙ ከተፈለገ መቆጣጠሪያው «ፍሪኩዌንሲ እየወረደ ነው፣ ከክንፎቹ ጉልበት ውሰድ» ብሎ ማዘዝ አለበት። ሰው ሠራሽ ኢነርሺያ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ደግሞ ብድር ነው። ከነፋሱ የመጣ ተጨማሪ የለም፤ ከሮተሩ፣ ማለትም ከክንፎቹና ከእምብርታቸው፣ ሽክርክሪት ነው የሚወሰደው። ብድር በምድር እንዲሉ፣ በኋላ መመለሱ አይቀርም።

ቁጥር እንያዝ። 1.5 ሜጋ ዋት ማሽን በደቂቃ 17 ጊዜ ያህል ይዞራል እንበል። በዚህ ፍጥነት የያዘው የሽክርክሪት ጉልበት 6 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ ይህ ለ4 ሰከንድ ሙሉ ኃይሉን የሚያህል ማለት ነው። ካለው ላይ 10 በመቶ ጨምር ብለን 150 ኪሎ ዋት ለ10 ሰከንድ ብንወስድ 1.5 ሜጋ ጁል ሄደ። ካለው ሩቡ። ፍጥነቱ በ13 በመቶ ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር ላይ ደረስን። ኃይል የፍጥነትና የቶርክ፣ ማለትም ዘንጉን የሚጠመዝዘው ጉልበት፣ ብዜት ነው። ኃይሉን በ10 በመቶ ጨምረን ፍጥነቱ በ13 በመቶ ከወረደ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ቶርክ በ10 በመቶ አይቆምም። 1.10ን ለ0.87 አካፍለው። ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። በሙሉ ኃይል የዚህ ማሽን ቶርክ 840 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአሥረኛው ሰከንድ 1,060 ገደማ ደርሷል ማለት ነው። ወረቀት ላይ «10 በመቶ ብቻ» የሚለው ዘንጉ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሻጭ 10 በመቶውን ብቻ ሲነግርህ ቶርኩን ጠይቀው። ጥሩ መሐንዲስ ከሆነ ጣሪያው የት ላይ እንደተቆረጠ ይነግርሃል። ዝም ካለ አንተም ጠርጥር።

ቀጥሎ የመክፈያው ሰዓት ይመጣል። ሮተሩ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ እንዲመለስ ጄኔሬተሩ መጎተቱን መቀነስ አለበት። በዚያ ጊዜ ተርባይኑ ከቀድሞውም ያነሰ ኃይል ይሰጣል። ሁሉም ተርባይኖች በአንድ ጊዜ ተበድረው በአንድ ጊዜ ከከፈሉ ግሪዱ ሁለተኛ ጊዜ ይሰምጣል። የመጀመሪያው ጉድለት ሳያንስ። ለዚህ ነው የመክፈያው ጊዜ የሚራዘመው፣ ማሽኖቹም ተራ በተራ እንዲከፍሉ የሚደረገው።

ነፋሱ ብርቱ ከሆነ ብድር ላያስፈልግ ይችላል። ነፋሱ ከማሽኑ አቅም በላይ ሲሆን ክንፎቹ ትርፉን እያሳለፉት ስለሆነ፣ ትንሽ አዙሮ ከዚያ መውሰድ ይቻላል። ነፋሱ ደካማ ሲሆን ግን ሮተሩ ራሱ ዘግይቷል፣ ያለው ጉልበት ጥቂት ነው፣ ከሱ ላይ መውሰድ ማሽኑን ወደ መቆም ይገፋዋል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ውስጥ «ከዚህ ፍጥነት በታች አትበደር» የሚል ወለል ይቀመጣል።

ልክ እንደኛ በውሃ ኃይል የሚኖረው የካናዳው የኩቤክ ግዛት ይህን ከብዙዎች ቀድሞ ደንብ አድርጎታል። የግዛቱ መብራት ድርጅት፣ ሃይድሮ ኩቤክ፣ ነፋስ ጣቢያዎችን ከአቅማቸው 6 በመቶ ያህል ተጨማሪ ለ9 ሰከንድ ያህል እንዲሰጡ ይጠይቃል። ውሃ የበዛበት አገር ነፋሱን የሚፈልገው ለእነዚያ ሰከንዶች መሆኑን ልብ በል።

እሺ፣ ይህ መጠምዘዝ ማሽኑን ያስረጀዋል? ብረት እንዴት እንደሚደክም ካየን መልሱ ራሱ ይመጣል። ብረት በአንድ ትልቅ ጭነት ብቻ አይሰበርም። መለስተኛ ጭነት እየተመላለሰ ያደክመዋል። ድካሙ ደግሞ ከጭነቱ ጋር እኩል አያድግም። ለዘንግና ለማማ ብረት በግምት በ4 እርከን ይባዛል፤ የጭነቱ ውጣ ውረድ እጥፍ ሲሆን ድካሙ 16 እጥፍ ይሆናል። ክንፉ የተሠራበት የመስታወት ክርና ሙጫ ላይ ይህ እርከን 10 ገደማ ነው። እጥፍ ጭነት ከ1,000 እጥፍ በላይ ድካም። ስለዚህ የሚያስፈራው የእገዛው ብዛት ብቻ ሳይሆን አንዷ እገዛ ምን ያህል ትልቅ ውጣ ውረድ እንዳመጣች ነው።

ሌላውን ጎን ደግሞ እይ። ተርባይን የሚሠራው በተለምዶ ለ20 ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ክንፎቹ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይዞራሉ። በእያንዳንዷ ዙር ክንፉ የራሱን ክብደት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሸከማል። ነፋሱም እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ይነፍሳል፣ ይተዋል፣ ይጠመዘዛል። በዚህ ሁሉ መሃል በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚመጣ የ10 ሰከንድ እገዛ ኢምንት ነው። ቶርኩ ጣሪያ ከተበጀለትና ዘገም ብሎ ከተለቀቀ በዕድሜው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

«ዘገም ብሎ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። ዘንጉና ካምቢዮው የራሳቸው የመወዛወዝ ምት አላቸው፤ በሰከንድ አንዴ ሁለቴ ገደማ። ማማውም ወደ ጎን የራሱ ምት አለው፤ በሦስት ሰከንድ አንዴ ያህል። ቶርኩን በአንድ ጊዜ ብትጥልበት ሁለቱንም ትቀሰቅሳለህ። ቶርክ ማማውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ደግሞ የሚያረጋጋው ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሆን ክንፎቹ ራሳቸው ያበርዱታል። ወደ ጎን የጀመረ መወዛወዝ ግን ቶሎ አይበርድም። የአንድ ሰከንድ ትዕግሥት እዚህ ላይ ብዙ ያድናል።

የሚያሳስበኝ ሌላኛው የፍሪኩዌንሲ እገዛ ነው፤ ዕለት ተዕለት የሚደረገው። ይህኛው አደጋ አይጠብቅም። ተርባይኑ ከሚችለው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 90 በመቶ ላይ እንበል፣ ይሠራል። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ይጨምራል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ። ይህን የሚያደርገው ክንፎቹን በራሳቸው ዘንግ ላይ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ነው።

የክንፉ ሥር፣ ከእምብርቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ ትልቅ ኩሽኔታ አለ። ከሰው ቁመት የሚሰፋ ቀለበት ነው። ውስጡ ተራ በተራ የተደረደሩ ኳሶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ አካባቢ፣ በአንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። መከራው ይህ ነው። ኳሱ ሙሉ ዙር ቢዞር ግሪሱን ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ዲግሪ ብቻ ወዲህ ወዲያ ሲል ግን ግሪሱን ከሥሩ ገፍቶ ያወጣዋል። መልሶ የሚያመጣው የለም። ብረት ብረትን ይነካል። ሲከፈት መንገዱ ላይ እኩል እኩል የተራራቁ ጠባሳዎች ታያለህ፤ በኳሶቹ ቁጥር ልክ። አንዳንዱ ላይ ቀይ ዱቄት የሚመስል ዝገት አለበት። ይህን ኩሽኔታ ለመቀየር ክንፉን ማውረድ ያስፈልጋል። ክንፍ ለማውረድ ትልቅ ክሬን ያስፈልጋል። ጮቄ አናት ላይ በክረምት ክሬን ማውጣት ምን እንደሚመስል ላንተ አልነግርህም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። አንደኛው ፍሪኩዌንሲው ከ50 ጥቂት ቢርቅ ማሽኑ ዝም እንዲል ማድረግ ነው። ይህን ዝምታ በጣም ካጠበብከው ክንፎቹ ሥራ አይፈቱም። ሁለተኛው ክንፎቹን በየጊዜው ሰፋ አድርጎ ማዞርና ግሪሱን ማመላለስ ነው። ብዙ አምራቾች ይህን በፕሮግራም ያስገባሉ።

ዝቅ ብሎ መሥራት ራሱ ግን በጎ ጎን አለው። ክንፎቹ ትንሽ ዞር ሲሉ ነፋሱ ማማውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። ማማውና የክንፉ ሥር ይቀላቸዋል። ስለዚህ «እገዛ ማለት ድካም ነው» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። አንዱ ክፍል ሲከፍል ሌላው ያርፋል።

የማልስማማው በገንዘቡ ነው። ነፋስ አይጠራቀምም። 10 በመቶ ዝቅ ብለህ ከሠራህ ያቺ 10 በመቶ ሄደች። ውሃ ግን ዝቅ ብለህ ስትሠራ ጣና ውስጥ ይቆይሃል። ከ90 በመቶ በላይ ኃይሉ ከውሃ የሚመጣ አገር ዕለታዊውን ማስተካከል ለነፋስ መስጠቱ አይገባኝም። በለስና ሕዳሴ ዕለታዊውን ይያዙ። ነፋሱ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ይስጥ፤ ፍሪኩዌንሲ ሲበዛም ይቀንስ፣ መቀነስ ለሱ ቀላል ነው። እኔ ኃላፊነቱ ቢሰጠኝ እንዲህ ነበር የምከፋፍለው።

አሁን ወደ ቮልቴጅ። ክረምት ላይ የጎጃም መብረቅ የታወቀ ነው። መብረቅ ከፍተኛ መስመር ሲመታ ቮልቴጁ ወደ ታች ይዘቅጣል። መከላከያዎቹ የተመታውን መስመር ቆርጠው እስኪለዩት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት ተርባይኑ ኃይሉን የሚሰጥበት የለውም። ድሮ ተርባይኖች እንዲህ ሲሆን ራሳቸውን ቆርጠው እንዲወጡ ይፈቀድ ነበር፤ ጥቂት ስለነበሩ ማንም ግድ አልነበረውም። ዛሬ ግን እንዲቆዩ ይጠየቃሉ፤ ቮልቴጁንም መልሶ ለማንሳት ሪአክቲቭ ከረንት (ራሱ ሥራ የማይሠራ፣ ቮልቴጅን ግን ደግፎ የሚይዝ ከረንት) እንዲሰጡ።

መቆየት ዋጋ አለው። ዘንጉ በሙሉ ቶርክ እንደተጠመዘዘ ነው ያለው። የጄኔሬተሩ መጎተት ድንገት ሲለቅ ዘንጉ ይፈታል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል። ካምቢዮ ካለ ጥርሶቹ ለቅጽበት በሌላኛው ጎናቸው ይጋጫሉ። ጄኔሬተሩ ሙሉ በሙሉ በኮንቨርተር የሚያልፍ ከሆነ ኮንቨርተሩ ድንጋጤውን ያለዝበዋል፤ ትርፉን ኃይል በሬዚስተር ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ግማሽ ጎኑ ከግሪዱ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ጄኔሬተር ከሆነ ግን ድንጋጤው ሳይለዝብ ካምቢዮው ድረስ ይደርሳል። ለጮቄ ማሽን ምረጥ ብትለኝ ይህን እንደ አንድ መመዘኛ እይዘዋለሁ።

ግን ከመቆየት ይልቅ መውጣት ምን ያስከፍላል? ይህን ቀረብ ብለን እንየው። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ላይ ነው። ነፋሱ ክንፎቹን ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ይይዛቸዋል። ማማው በነፋሱ ግፊት ትንሽ ወደ ኋላ ጎብጧል። መስመሩ ጠፋ። የያዘው እጅ ለቀቀ። ነፋሱ ግን አልቆመም፤ ሮተሩ መፍጠን ይጀምራል። መቆጣጠሪያው በባትሪ ወይም በሃይድሮሊክ ጉልበት ክንፎቹን ወደ 90 ዲግሪ ያዞራል። ክንፎቹ ነፋስ መያዝ ይተዋሉ፤ እንዲያውም ፍሬን ይሆናሉ። ማማውን ወደ ኋላ የገፋው ግፊት በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፤ ማማው ወደ ፊት ይወረወራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና። የግርጌው ብሎኖች በተራ ይሳባሉ። የሜካኒክ ፍሬኑ አብሮ ከተያዘ ዘንጉ ላይ የሚመጣው ቶርክ ከሙሉ ኃይሉም ሊበልጥ ይችላል። ከላይ የቆጠርናት የ10 ሰከንድ ብድር ከዚህ ጋር ስትተያይ ገር ናት።

የተርባይን ንድፍ የሚከተለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 61400-1፣ ማሽኑ በዓመት 20 ጊዜ የግሪድ መጥፋት ይገጥመዋል ብሎ ያስባል። የጎጃም ሰው 20 ሲባል ፈገግ ሊል ይችላል። ግን አንተ ክፍል መብራት መሄዱና ጣቢያው ከግሪድ መለየቱ አንድ አይደሉም። ያንተ በሰፈር መስመር ላይ ነው የሚሆነው። ነፋስ ጣቢያ የሚገናኘው በከፍተኛ መስመር ስለሆነ የሰፈሩን መጥፋት አብዛኛውን አያየውም። የሚያየው ትልቁ ሲወድቅ ነው። ቢሆንም ማሽን ከመግዛትህ በፊት የምትገናኝበት ማከፋፈያ ጣቢያ በዓመት ስንት ጊዜ እንደጠፋ መዝገቡን ጠይቅ። 20 የሚለው ቁጥር ላይ ነው ዕድሜው የተሰላው። 40 ከሆነ አምራቹ እንደገና ያስላው።

መጥፋቱ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያው ደረጃ እስከ 6 ሰዓት መጥፋትን እንደ ተለመደ ነገር፣ እስከ አንድ ሳምንት የሚደርሰውን እንደ ከባድ ሁኔታ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ የተርባይኑ ማሞቂያም ይጠፋል። ጮቄ ላይ ጉሙ ሲወርድ ታውቀዋለህ። እርጥበቱ ኮንቨርተሩ ሰሌዳዎች ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። መብራት መጣ ብሎ ያንን ሳያደርቁ ማስነሳት ሰሌዳውን ማቃጠል ነው።

አሁን ስለ አየሩ። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጮቄ ላይ 3,500 ሜትር ብትወጣ ሲሶ ያህል። የሳሳ አየር በዚያው የነፋስ ፍጥነት ያነሰ ኃይል ይሰጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው የሳሳ አየር ማቀዝቀዝም እንደማይችል ነው። ለግሪዱ ሪአክቲቭ ኃይል መስጠት ክንፎቹንም ዘንጉንም አይነካም፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት እንኳ ይቻላል። ግን ኮንቨርተሩ ውስጥ ከረንት ይጨምራል፣ ከረንት ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል። ሞቅ ቀዝቀዝ ሲል የሚኖር የኮንቨርተር ክፍል ብየዳው ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ዕቃ አቅሙ ዝቅ ተደርጎ የሚሰላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኢንሱሌሽኑም አብሮ ይሰላል። ስለዚህ ለቆላ የተሠራ ኮንቨርተር ጮቄ ላይ አውጥተህ ያንኑ ሪአክቲቭ ከጠየቅከው፣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

መቆየት መቆየት ብቻ አይደለም፣ ስንት ጊዜ የሚለውም አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ማዕበል የከፍተኛ መስመር ምሰሶዎችን ጣለ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ተደጋግሞ ዘቀጠ። ተርባይኖቹ የመጀመሪያዎቹን አለፏቸው። ከዚያ 9 ነፋስ ጣቢያዎች በድምሩ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ፤ ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። ማሽኖቹ ተሰብረው አልነበረም። ውስጣቸው «በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ከዚህ በላይ ድንጋጤ አትቀበል» የሚል ልክ ተጽፎ ነበር። የግሪዱ አስተዳዳሪ ልኩን አያውቀውም ነበር። እንዲህ ያለ ልክ ከመሬት ተነስቶ አይጻፍም፤ እያንዳንዱ ድንጋጤ ሬዚስተሩን ያግላል፣ ዘንጉን ይነቀንቃል። ልኩ መኖሩ ተገቢ ነው። መደበቁ ነው ያጠፋው።

ክረምት ላይ በደብረ ማርቆስ መስመር መብረቅ ሦስት አራቴ ሊደጋግም ስለሚችል ይህ ለኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ውል ሲጻፍ እገዛው በቃል ብቻ መጠቀስ የለበትም። በተከታታይ ስንት የቮልቴጅ መዝቀጥ ይቀበላል፣ ሰው ሠራሽ ኢነርሺያው ላይ የቶርኩ ጣሪያ ስንት ነው፣ ከየትኛው ፍጥነት በታች አይበደርም፣ 50 ሄርዝ ዙሪያ የዝምታው ስፋት ስንት ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ይጻፉ። ማሽኑም እያንዳንዱን እገዛ እንዲመዘግብ ይደረግ። ከዓመታት በኋላ ካምቢዮ ሲሰበር «ግሪዱ ነው»፣ «የለም፣ ጥገናው ነው» የሚል ንትርክ ይመጣል። መዝገብ ያለው ይረታል።

አንተ ግን እስከዚያ ቁጭ ብለህ መጠበቅ የለብህም። ኮሌጃችሁ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚለካ መልቲሜትር አይጠፋም። አሰልጣኝህን አስፈቅደህ፣ ለ220 ቮልት የሚሆን ጤነኛ የመለኪያ ገመድ ይዘህ፣ አንድ ሶኬት ላይ ለካ። በየሰዓቱ ፍሪኩዌንሲውንና ቮልቴጁን ጎን ለጎን ጻፍ። ማታ ምጣድ ሲበዛ ቮልቴጁ ሲወርድ ፍሪኩዌንሲው ባለበት ሲቆይ ታየዋለህ፤ ያ የሰፈር ነው። ፍሪኩዌንሲው ወርዶ ካገኘኸው ግን የሆነ ቦታ ትልቅ ማሽን ወጥቷል ወይም ጭነት በዝቷል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚማር ጓደኛ ካለህ በዚያው ደቂቃ እሱም ይለካ። የሁለታችሁን ላክልኝና ፍሪኩዌንሲው በስንት እንደተለያየ አብረን እናያለን።